በወተት መኪና የመጣው ስካነር

ሰበታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

ሰላምታዬ ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ሱሉልታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬ የሺወርቅስ እንደምን ናቸው? በኢሜይል ካልሆነ አልመልስም ስላሉ ይኸው በኢሜይል ጻፍኩ። ሰው ሁሉ በቴሌግራም ሲጻጻፍ እኔ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ስጽፍ የሱቄ ደንበኞች ይስቁብኛል።

ስካነሩ በሰላም ደርሷል። ሾፌሩ ዱቤ የወተት መኪናውን ከደጄ አቁሞ በሁለት እጁ ታቅፎ ነው ያስረከበኝ። «ጋሼ እንደ እንቁላል ያዘው ብለውኛል፣ አንድም ጉድጓድ በፍጥነት አላለፍኩም» አለኝ።

ለምን ፈለግሽው ላሉኝ፣ ለአባቴ ነው። አባቴ ኦቦ ያደታ ቡራዩ ላይ ፎቶ ቤት እንደነበረው አንድ መሥሪያ ቤት ሳለን ነግሬዎት ይሆናል። ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፣ አባዬንም ወደ እኔ ካመጣሁት ሰነባበተ። ነጋቲቮቹ ግን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታሽገው አብረውት መጥተዋል። የዚያ ሰፈር ሠርግና ክርስትና ሁሉ እነሱ ውስጥ ነው። አንዱም ላይ ግን ስም የለም። አባዬ ስም ጽፎ አያውቅም፤ «ያነሳሁትን ሰው ከረሳሁ ካሜራዬን ልሽጥ» ይል ነበር።

አሁን ሰዎቹ እየሞቱ ነው። ባለፈው ዓመት የቡራዩ ጎረቤታችን ደጊቱ አረፈች። ልጆቿ ለለቅሶው የሰቀሉት ከመታወቂያዋ ላይ የተነሳ ፎቶ ነበር፤ እሷን አይመስልም፣ የተቆጣ ፖሊስ ነው የሚመስለው። ለሙት ዓመቷ የወጣትነት ፎቶዋን ፈልጉልን ብለው ለመኑን። እኔ ደጊቱን የማውቃት አርጅታ ነው፤ ሃያ ዓመቷ ላይ ባያት አልለያትም። የሚለያት አባዬ ብቻ ነው።

የእሱ ዓይን ደግሞ ግላኮማ ነው አሉን። ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙም እየጠበበ ነው፤ የጠፋው አይመለስም ብለውናል። ነጋቲቩን ወደ መስኮት ይዞ ማየት አልቻለም። በስክሪን ላይ ጎልቶ ቢመጣለት ግን ገና ያያል። ዓይኑ ሳይቀድመን ሁሉንም አይቶ፣ ይህ እገሌ ነው፣ ይህቺ እገሊት ናት እንዲለኝ ነው የቸኮልኩት።

እርስዎ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ከጫኑልኝ ወዲህ ኮምፒውተሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ስካነሩን ስሰካለት ግን «ስካነር አልተገኘም» ይላል። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ! ምን ላድርግ?

አክባሪዎ፣
ጂቱ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 14

ልጄ ጂቱ፣

ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ከጆሮዬ በቀር ሁሉም ደህና ነው። ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስልክ አትደውዪልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስልኬን የሺወርቅ አንስታ ከሰማችው ግማሹን ትነግረኛለች፣ ግማሹን ለራሷ ታስቀራለች።

ለአባትሽ መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ ራሴ ይዤው እመጣ ነበር። ያም ሆኖ ስካነሩ ጎበዝ ነው። መሥሪያ ቤታችን በጨረታ ሲያስወግድ የገዛሁት ነው፤ ክዳኑ ላይ መብራት ስላለው ነጋቲቭ ያነሳል። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ካጣ ቆይቷል፣ ሊኑክስ ግን ሽማግሌ አይንቅም። ትንሽ መለማመጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ስካነሩን አይቶት ይሆናል፤ አንቺ ግን እንድትነኪው ፈቃድ የለሽም ብዬ እጠረጥራለሁ። እንደ ዘበኛ ቁጠሪው፤ ዕቃውን በር ላይ አይቶታል፣ አንቺን ግን ስምሽ መዝገብ ላይ ስለሌለ አያስገባሽም። ከደብዳቤው ግርጌ ሁለት መስመር ጽፌልሻለሁ። ተርሚናሉን፣ ያን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ክፈቺና አንድ በአንድ ቅጂያቸው። የመጀመሪያው በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ያሳይሻል፤ ሁለተኛው ስካነር መንካት ከሚችሉት ሰዎች ተርታ ስምሽን ያስገባል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ሌላ የተለየ ነገር ካለም እንዳትተዪ። አባትሽስ እንዴት ነው?

ፍቅረሥላሴ

ሰበታ፣ ጥቅምት 26

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባዬን ሐኪም ዘንድ ሳመላልስ ነው የሰነበትኩት። እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደህና ነው፤ ጠብታው ተቀይሮለታል።

እንዳሉት ሆነ! ስካነሩ ስሙን ጠርቶ መጣ። ግን ደስታዬ አልቆየም፤ «አንሳ» ስለው «ዕቃውን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። መብራቷ አረንጓዴ ሆና ቆይታ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ የተለየ ነገር አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ ሌላ የተለየ ነገር የለም።

የደጊቱ ልጆች ትናንትም መጥተው ነበር። ትልቁ ልጇ ገመቺስ ከበሩ ላይ «ገና ነው?» ብሎኝ ሄደ። ደግ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጂቱ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 2

ልጄ ጂቱ፣

ነገሩ ገብቶኛል፣ መፍትሔውም ተገኝቷል፤ የተገኘበት ቦታ ግን ያሳፍራል።

ይህ ዓይነት ስካነር ሲነቃ ምንም አያውቅም። በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ትንሽ ፋይል ካልጎረሰ ሥራውን አይጀምርም። ፋይሉ አብሮት በተሸጠው ሲዲ ላይ ነው ያለው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ያገኘሁት የሌላ ሞዴል ነው። ሲዲውን ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት፤ የሺወርቅ ቆማ ታየኛለች። ሲመሽ «ክብ፣ የሚያብለጨልጭ ነው?» አለችኝ። ከክረምት ጀምሮ ኮክ ዛፉ ላይ ሰቅላዋለች፣ ወፍ እንዲያባርርላት! «ወፉ እንደሆነ ፈርቷል፣ ፍሬ አልነካም» ብላ ትከራከረኛለች።

አውርጄ በሳሙና አጥቤ ኮምፒውተር ውስጥ ከተትኩት። እምቢ አለ። እንደገና ጠራርጌ ከተትኩት፤ እያቃሰተም ቢሆን ተነበበ። ፋይሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የት እንደምታስቀምጪውና የትኛውን መስመር እንደምታስተካክዪ ግርጌ ላይ አለልሽ።

አንድ ሌላ ነገር። እኔ ዘንድ ሰፊ ስክሪን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለአባትሽ ዓይን ይሻላል። ዱቤ ሐሙስ ወተት ሲያደርስ ላስይዘው?

ፍቅረሥላሴ

ሰበታ፣ ኅዳር 10

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

እትዬ የሺወርቅን ወፎቹ ይቅር ይበሏቸው። በጣም ሳቅሁ፤ ሰሞኑን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፋይሉን እንዳሉኝ አድርጌ አስቀመጥኩት። አሁን «መክፈት አልተቻለም» ማለቱን ትቶ ሥራ ይጀምርና መሃል ላይ «ከዕቃው ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ገመዱን ቀየርኩ፣ በሌላው ቀዳዳ ሰካሁት፤ ያው ነው።

ሰፊውን ስክሪን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። ዱቤ ግን አይድከም፣ ያለው ይበቃናል።

ጂቱ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 13

ጂቱ፣

እልህ ይዞኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ በዚህ ስካነር የተቸገሩ የውጭ ሰዎች የተጻጻፉትን ሳነብ ዋልኩ። ኃይል ማነስ ይሆን? ከስካነሩ አዳፕተር ሌላ የመብራት ማከፋፈያው ላይ የተሰካ ነገር ካለ ንቀዪው። የሊኑክሱን ፕሮግራም እትም ንገሪኝ። የቀየርሽው ገመድ አጭር ነው?

አንቺም ሁልጊዜ ስለ ስካነሩ እንጂ ስለ አባትሽ አትጽፊም። ጠብታው ረዳው? ስጠይቅሽ «ደህና ነው» ትዪኛለሽ። እኔም ስለ ጆሮዬ ለሰው ሁሉ «ደህና ነው» እል ነበር፣ ስለዚህ ቃሉን አውቀዋለሁ።

ፍቅረሥላሴ

ሰበታ፣ ኅዳር 16

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

ማከፋፈያው ላይ የነበረውን ሁሉ ነቅያለሁ። እትሙን ግርጌ ላይ ጽፌዋለሁ። ገመዱ አጭር ነው።

አሁን የምጽፈውን በቁጣ እንዳያነቡት። ስካነሩ ድምፅ አለው። ገና ዱቤ ያመጣው ዕለት መብራት ላይ ስሰካው ጀምሮ ይጮሃል። አልነገርኩዎትም። እንዴት ብዬ ልንገርዎት? መስማት ለተቸገረ ሰው «እንዲህ ብሎ ይጮሃል» ብሎ መጻፍ ነውር መሰለኝ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ የአሮጌ ዕቃ ድምፅ ነው፣ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ዛሬ ስሞክረው አባዬ ከጓዳ ሆኖ ሰማው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚታገለው?» አለኝ። የስካነሩ ድምፅ ነው አልኩት። «ለሰውዬው ነግረሽዋል?» አለኝ። እሳቸው እኮ አይሰሙም፣ እንዴት ድምፅ እነግራቸዋለሁ አልኩት። «መስማት ነው እንጂ ያቃተው፣ ማንበብ አይችልም መቼ ተባለ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ድምፁ ይኸው፦ መጀመሪያ ቀጭን እዝዝ ይላል። ከዚያ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ግርርር ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ግርርር ይላል። ከውስጥ የተቆለፈ በር ለመክፈት እንደሚገፋ ሰው ነው። በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል።

ይቅርታዎን እለምናለሁ።
ጂቱ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 16፣ ከሰዓት

ጂቱ!

ንቀዪው! ገልብጪው! ከሥሩ፣ ከአንዱ ጥግ፣ የጣት ጥፍር የምታህል መቆለፊያ አለች። የተቆለፈ ጓጉንቸር ሥዕል አለባት። ወደ ተከፈተው ሥዕል ግፊያት፣ ከዚያ አቃንተሽ ሰኪው።

የቆለፍኩት እኔ ነኝ። መብራቱን የሚሸከመው ክፍል በመንገድ እንዳይንገጫገጭ ለጉዞ ጊዜ ይታሰራል፤ የሱሉልታን ጉድጓድ አስቤ፣ እንደ አዋቂ ሰው በጥንቃቄ ቆለፍኩትና ረሳሁት። ከዚያ አንቺን ተርሚናል ለተርሚናል አንከራተትኩሽ። ምስኪኑ ስካነር ታስሬያለሁ እያለ ሲጮህ ከርሟል፣ እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ድምፅ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼዋለሁ።

አሁን አባትሽን ስክሪኑ ፊት አስቀምጪ። መጀመሪያ ማንን እንዳየ ጻፊልኝ፣ እየጠበቅሁ ነው።

ፍቅረሥላሴ

ሰበታ፣ ኅዳር 24

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

ሦስት ጊዜ ጽፈውልኝ ሳልመልስ ቀረሁ። «ተሠራ ወይስ አልተሠራም?» ላሉት፣ ተሠርቷል። በዚያው ዕለት መቆለፊያዋን እንደገፋሁ ለስላሳ ድምፅ አሰማና መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የመጀመሪያው ነጋቲቭ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አንዲት ሙሽራ ነበረች፤ የአንገት ጌጧ ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላዋ አባዬ ያሠራው መጋረጃ አለ፦ የገፈርሳ ሐይቅ፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ። ሐይቁ ከቡራዩ በእግር የሚኬድበት ነው፣ ሰዉ ግን የሐይቁን ሥዕል ተደግፎ ነበር የሚነሳው።

«መጀመሪያ ማንን አየ?» ላሉት ግን፣ ማንንም አላየም። አባዬ ከኅዳር ስድስት ጀምሮ አያይም። ጠዋት ተነስቶ «መብራት ሄዷል?» አለኝ፤ ፀሐዩ ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰፊውን ስክሪን አይላኩ ያልኩዎት ለዚህ ነው። ደክመውልን ሳለ ዘገዩ ማለት መስሎ ታየኝና ዋጥኩት።

ጋሼ፣ አዝኛለሁ። የወፍ ማባረሪያው ሲዲ ላይ ያለው ፋይል የደረሰኝ ኅዳር ሁለት ነው። ድምፁን አስቀድሜ ብነግርዎት ኖሮ አባዬ ሊያይ የሚችልባቸው ቀናት ነበሩን። ይህን ሳስብ ስካነሩን አንስቼ መወርወር ያምረኛል። አባዬ አልወቀሰኝም። ጓዳ ተቀምጦ ይውላል፣ ሬዲዮ እንኳ ክፈቱልኝ አይልም። የነጋቲቮቹን ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር አውጡልኝ ብሎ ወደ ሱቅ አስወስዶታል።

ስካነሩን በዱቤ መኪና ልመልስልዎት?

ጂቱ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 25

ልጄ፣

ስካነሩን እንዳትነኪው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ ግን የደበቅሽው የራስሽን አይደለም፣ የሰው ሐፍረት እየሸፈንሽ ነው። ስለዚህ አልቆጣሽም። ደግሞም ሒሳቡን በትክክል እናውራው። አዎ፣ ጥቂት ቀን ነበረን። አንቺ ድምፁን ዋጥሽ፣ እኔ ቁልፉን ረሳሁ፣ የሺወርቅ ሲዲውን ሰቀለች። ለሦስት ተካፍለን እንሸከመው። ለአንድ ሰው ከባድ ነው።

ትናንት ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ነገር ይመላለስብኛል። አንቺ ድምፁን ጽፈሽ ስትልኪልኝ ሰማሁት። የምሬን ነው፣ እዝዝታው ሳይቀር። እኔ የማልሰማውን ከሰማሁ አባትሽ የማያየውን የማያይበት ምክንያት አይታየኝም።

ቅዳሜ ከዱቤ ጋር እመጣለሁ። እኔ አያለሁ፣ እሱ ይሰማል። አንቺ መሃል ትቀመጪና እኔ ያልሰማሁትን ትጽፊልኛለሽ። ለሽማግሌው አስቀድመሽ ንገሪው፣ እጮሃለሁ። ድምፄን መመጠን ካቆምኩ ቆየሁ።

ፍቅረሥላሴ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2

ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣

በሰላም መግባትዎን ዱቤ ነግሮኛል። «ወተቱ ረጋ ወይ?» ብለው መጠየቅዎንም። አልረጋም አለ፤ ከእርስዎ ጩኸት ግን ቅቤ ሳይወጣው አልቀረም ብሏል።

ሰፈሩ እስካሁን ያወራል። እርስዎ አያውቁትም እንጂ «ሴትዮዋ ተቆጥታለች! ጫማው የሷ አይደለም፣ ሰፍቷታል! ቀኝ እጇን ደብቃለች!» ሲሉ ድምፅዎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። አባዬ ከወንበሩ ብድግ ሲል ፊትዎ ወደ ስክሪኑ ስለነበር አላዩትም። «ደጊቱ ናት!» ብሎ ጮኸ፣ ከእርስዎ ባልተናነሰ። «ጫማው የሚስቴ ነው፣ አውሰናት ነው! እጇን የደበቀችው እንጎቻ ስትጋግር ተቃጥላ ነው!» እኔ ከዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ የጻፍኩልዎት «ደጊቱ» ብዬ ብቻ ነበር፤ ሌላውን አሁን ጨመርኩልዎት።

ፎቶዋን ለልጆቿ በትልቁ አትሜ ሰጠኋቸው። ገመቺስ ጫማዋን አይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ዞር ብሎ አለቀሰ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ እኔ ልቀጥልለት ሞከርኩ። «አንድ ሰውዬ ቆሟል» ስለው «አንቺ ማየት አትችዪም፣ የሱሉልታውን ሰውዬ አምጪልኝ» ይለኛል። ቆርቆሮውም ተመልሶ አልጋው ሥር ገብቷል። ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ «ዛሬ ማንን እናያለን?» እያለ ነው። ጋሼ፣ ይህን ቃል ከአፉ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የራሱ ነው። እሱ እየነገረኝ እኔ ጽፌዋለሁ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

«ለፍቅረሥላሴ። አካም ጂርቱ፣ እንደምን አሉ። አንተ ልበልህ፣ ጆሮዬ ላይ ቀኑን ሙሉ ከጮህክ በኋላ አንቱ መባባል አይሆንልንም። ጥሩ ታያለህ። እጅ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ፊት ላይ ይቸኩላል። ካሜራ ብሰጥህ ኖሮ ተፎካካሪዬ ትሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም። ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚወጣው። አንተን አላነሳሁህም። ጂቱን ምን ይመስላል ብላት ‹ጢሙ ነጭ ነው› አለችኝ። ይህ ሰው አይሆንም፣ ፍየልም ጢም አለው። ራስህ ንገረኝ። እንዴት ነው የምትቀመጠው? እጅህን የት ታደርጋለህ? ከኋላህ ምን አለ? ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። ያደታ።»

አክባሪዎ፣
ጂቱ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 4

ጂቱ፣ ይህን ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ጮክ ስልሽ እንደ እኔ ጮክ።

ኦቦ ያደታ፣ እርስዎ አንተ ይበሉኝ፣ እኔ ግን ከአንቱ አልወርድም፤ ታላቄ ነዎት።

የሺወርቅ መስታወት ይዛልኝ ፊቴን እያየሁ ነው የምጽፈው፣ ክንዷ ስለደከመ አጭር አደርገዋለሁ። ጢሜ ነጭ ነው፣ ጂቱ አልዋሸችም፤ ከአገጬ በስተግራ ግን አንድ ጥቁር ዘለላ አለችኝ፣ አልነጣም ብላለች። ግንባሬ ሰፊ ነው። የሺወርቅ ጤፍ ይወቃበታል ትላለች። ጆሮዎቼ ትልልቅ ናቸው፣ ሁለቱም ሥራ ፈት። ሰው ሲያናግረኝ የሰማሁ ለመምሰል አንገቴን ወደ ቀኝ አዘነብላለሁ፤ ማንም ከሌለም አዘነብላለሁ፣ ለምዶብኛል።

ወንበሩ የእንጨት ነው። ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ቀኝ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም፣ አየር ላይ ቀርቷል፤ እርስዎ እንዳሻዎት ያስቀምጡልኝ። ኮቴን እስከ ላይ ቆልፌያለሁ። ከኋላዬ የገፈርሳ ሐይቅ የለም። መስኮት ነው፣ በመስኮቱ የኮክ ዛፉ ይታያል፣ ሲዲው ተመልሶ ተሰቅሎ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ብርሃኑ ከግራዬ ነው የሚመጣው።

ዝግጁ ሲሉኝ አልሰማም። ስለዚህ ይህን ከላክሁ በኋላ ተመልሼ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ አልንቀሳቀስም። ያንሱኝ።

ፍቅረሥላሴ